የቀረ ሰው የሚታወቅበት ዘመን

ባለፈው ዓመት ሦስት ወር ያህል ቤተ ክርስቲያን ሳንሄድ ቆየን። ከማንም ጋር አልተጣላንም፤ እምነታችንም አልተናወጠም። የመጀመሪያው እሁድ ሥራ ነበረብን፤ በሁለተኛው ዝናብ ሆነ፤ በሦስተኛው ስብከቱን አልጋ ላይ ተኝተን በስልካችን ተከታተልነው፤ ከአራተኛው በኋላ ምክንያት መፈለጉንም ተውነው። መቅረት እንዲህ ነው የሚለመደው፤ ቀስ እያለ፣ ሳይታወቅ።

የገረመን መቅረታችን ሳይሆን ማንም አለመደወሉ ነው። መደወሉ ይቅርና ያወቀም አልነበረም። ኅሊናችን ወቅሶን የተመለስን ዕለት በር ላይ የቆመው አስተናጋጅ በፈገግታ ተቀብሎ አዲስ መሆን አለመሆናችንን ጠየቀን። የዚያ አጥቢያ አባል ከሆንን ስድስት ዓመት አልፎናል። ልጁ ላይ አንፈርድም። አዳራሹ ከሺህ ሰው በላይ ይይዛል፤ እሁድ ደግሞ በሦስት ፈረቃ ይሞላል። ማን ማንን ያስታውሳል?

በዚያው ሰሞን እናታችን ዕድር ሁለት ጊዜ ቀርታ ተቀጣች። ቅጣቱ ከመጻፉ በፊት ግን የዕድሩ ጸሐፊ ቤት ድረስ መጥተው ነበር። "ምነው እትዬ፣ አሞዎት ነው እንዴ?" አሉ። ቡና ጠጡ፣ የሰፈሩን ወሬ አወሩ፣ ጉልበቷን እንዳመማት ሰሙ፣ አዘኑላት፤ ከዚያ ደብተራቸውን አውጥተው ቅጣቱን ጻፉ። እኛም ከጎን ተቀምጠን ቀናን። ዕድሩ እናታችንን የሚያውቃትን ያህል ቤተ ክርስቲያናችን እኛን አታውቀንም።

ትልልቆቹ ስለዚህ ጉዳይ የሚሉት የታወቀ ነው። "በእኛ ጊዜ ክርስትና እንዲህ አልነበረም" ይላሉ። በእነሱ ጊዜ ሁሉም ጸሎተኛ፣ ሁሉም ታማኝ፣ ሁሉም መጽሐፍ ቅዱስን በቃሉ የሚያውቅ ነበር። የዛሬ ወጣት ደግሞ አምልኮ የሚያምረው መብራቱ ሲያምር ነው። መቼም "በእኛ ጊዜ" የሚል ሰው ሲጀምር ጆሯችንን መዝጋት ልማዳችን ነው። ጋዜጠኝነት ስንማር ግን የተነገረንን ሁሉ "እውነት ነው ወይ?" እያልን እንድንመረምር ተነግሮናል። እስኪ እንይ ብለን የወንጌላውያኑን አብያተ ክርስቲያናት ታሪክ ማገላበጥ ጀመርን። የእኛው ቤት ስለሆነ ነው ይህንን የመረጥነው፤ ኦርቶዶክሳውያን ጓደኞቻችንም ከታሪኩ የሚያውቁት መልክ እንደማያጡበት እናምናለን።

*

ከአዲስ አበባ ራቅ ብለን ከወላይታ እንነሳ። የሱዳን ኢንቴሪየር ሚሽን ሰዎች ወላይታ ሶዶ የደረሱት በ1920 ዓ.ም. ነው። ለዘጠኝ ዓመት ያህል ለፉ። ጣሊያን አገሪቱን ወርሮ በሚያዝያ 1929 ዓ.ም. ከሶዶ ሲያስወጣቸው ጥለውት የሄዱት የተጠመቀ አማኝ 48 ሰው ነበር። በወላይትኛ የታተመው ደግሞ የማርቆስ ወንጌልና ጥቂት ሌሎች ክፍሎች ብቻ ነበሩ። በዘመኑ ቋንቋ ብንናገር "ፕሮጀክቱ ከሽፏል" የሚባልበት ጊዜ ነው።

ጣሊያኖቹ የአካባቢውን መሪዎች አስረው ገረፉ፤ ዋንዳሮ የሚባለው ሰባኪ ከእነዚህ አንዱ ነበር። እስር ቤቱ ለእስረኛ ምግብ አይሰጥም። ስለዚህ አማኞቹ በየተራ ስንቅ እየቋጠሩ ያመላልሱ ነበር፤ ያውም ከራሳቸው ሰዎች አልፎ ጠያቂ ለሌላቸው እስረኞች እስኪተርፍ። የሚስዮኑ ሰው ሬይመንድ ዴቪስ በ1966 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ይህን ታሪክ በዝርዝር ጽፎታል። ሚስዮናውያኑ ከነጻነት በኋላ ሲመለሱ ያገኙት ምእመን 10 ሺህ ገደማ ደርሶ ነበር።

ይህን ቁጥር የሚጠቅሱ ሰባኪዎች ብዙውን ጊዜ "ስደት ቤተ ክርስቲያንን ያሳድጋል" ብለው ያልፋሉ። እኛ ግን ዓይናችን የቀረው ስንቁ ላይ ነው። ስንቅ ተራ ይፈልጋል። ዛሬ የማን ቀን ነው? ነገስ? ማነው የታሰረው? የማን ሚስት አራስ ናት፣ የማን ማሳ ሳይታረስ ቀረ? ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው መኖር አለበት። ግርፋቱን የቻሉት ጀግኖች ስማቸው ተጽፏል፤ የስንቁን ተራ የያዙት ሴቶች ስም ግን አብዛኛው አልተጻፈም። ለነገሩ የታሪክ ጸሐፊ መቼ ወጥ ቤት ገብቶ ያውቃል?

*

ከተማው ውስጥ ነገሩ የተቀጣጠለው በተማሪዎች ነው። በ1950ዎቹ ናዝሬት ላይ እንግሊዝኛ ለመለማመድ ብለው ከሜኖናይት ሚስዮናውያን ጋር የዮሐንስ ወንጌልን ማንበብ የጀመሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ነበሩ። እንግሊዝኛው ተረሳና ወንጌሉ ያዛቸው። "ሰማይ ብርሃን" የሚባለው የወጣቶች እንቅስቃሴ የተነሳው ከዚህ ነው፤ በኋላም ከመሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን ጋር ተቀላቀለ። በአዲስ አበባና በሌሎች ከተሞች ደግሞ የዩኒቨርሲቲና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ሙሉ ወንጌል አማኞች ቤተ ክርስቲያንን መሠረቱ። በ1959 ዓ.ም. ለመመዝገብ አመለከቱ፤ የንጉሡ መንግሥት ከለከላቸው። በ1964 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ለአምልኮ እንደተሰበሰቡ 250 ያህል ሰዎች ታሰሩ። አብዛኞቹ የእኛ ዕድሜ ነበሩ፤ ከእኛ ያነሱም ነበሩ።

"ጴንጤ" የሚለው ስም የመጣው በዚህ ጊዜ አካባቢ ነው፤ ለመሳለቂያ። አብዮቱ ሲመጣ ስሙ ሰፋና ኦርቶዶክስም ካቶሊክም ያልሆነ ክርስቲያን ሁሉ ጴንጤ ሆነ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ "መጤ ሃይማኖት" እና "የኢምፔሪያሊዝም ተላላኪ" የሚሉት ተጨመሩበት።

ደርግ መጀመሪያ ላይ በግልጽ ሃይማኖት አልከለከለም። ግን መጋቢት 3 ቀን 1969 ዓ.ም. ከ1955 ጀምሮ ከአዲስ አበባ ሲሰማ የነበረውን የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ወረሰ። የቀበሌ ስብሰባ እሁድ ጠዋት፣ ልክ በአምልኮ ሰዓት መጠራት ጀመረ። የቀረ ሰው በፀረ አብዮትነት ይጠረጠራል፤ የሄደ ሰው ደግሞ ግራ እጁን አንስቶ አብዮቱ ከሁሉም በላይ መሆኑን መፈክር ማሰማት አለበት። "ከሁሉም በላይ" የምትለዋ ቃል ናት የብዙውን ሰው ጉሮሮ ያነቀችው። ለዚች ቃል ሲሉ ብዙዎች ታሰሩ፣ ተገረፉ፣ ከትምህርትና ከሥራ ተባረሩ። ዘማሪ ተስፋዬ ጋቢሶ ሰባት ዓመት ያህል ታስሯል። እሱ እስር ቤት ሆኖ መዝሙሮቹ ግን በካሴት እየተገለበጡ አገር አዳረሱ።

የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ በተደጋጋሚ ታስረው ተፈተዋል። ከአገር እንዲወጡ በታንዛንያው ፕሬዚዳንት በኔሬሬ በኩል መንገዱ ተመቻችቶላቸው ነበር። እሳቸው ግን ለራስ አለመኖርን የሚናገረውን የሁለተኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 5 ክፍል አንስተው ምእመናኔን ጥዬ አልሄድም አሉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ዑራኤል ካለው አጥቢያ አገልግለው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱና ተገደሉ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ፀሐይ ቶሎሳ ወደ 10 ዓመት የሚጠጋ እስር ጠበቃቸው። የቄስ ጉዲና አጽም የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ በ1984 ዓ.ም. ነው፤ በልዑል ራስ አሥራተ ካሣ ግቢ። በዚያው ክረምት የተገደሉት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ፓትርያርክ አቡነ ቴዎፍሎስም አጽማቸው የተገኘው እዚያው ግቢ ውስጥ ነው። ሁለቱ ቤተ ክርስቲያኖች በአደባባይ የማይስማሙበት ብዙ ነገር አለ። አባቶቻቸውን የገደለው ግን አንድ እጅ ነው፤ የቀበራቸውም አንድ ግቢ።

*

አሁን ወደ ጉዳያችን ልብ እንገባለን። በጥር 1974 ዓ.ም. ደርግ መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያንን ሙሉ በሙሉ ዘጋ። ሕንጻዎቿ ተወረሱ፤ የባንክ ሒሳቧ ታገደ፤ ስድስት መሪዎቿ ከ4 ዓመት በላይ ታሰሩ። በደቡብና በምዕራብም በርካታ የቃለ ሕይወትና የመካነ ኢየሱስ አጥቢያዎች በየተራ ተዘጉ። መሠረተ ክርስቶስ በተዘጋችበት ቀን የነበሯት አባላት 5 ሺህ ገደማ ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. በሩ ሲከፈት 34 ሺህ ሆነው ወጡ።

አዳራሽ የለም፤ ድምፅ ማጉያ የለም፤ ፖስተር የለም፤ ደመወዝተኛ ፓስተር የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ወደ ሰባት እጥፍ የሚጠጋ ዕድገት ከየት መጣ?

የዚያን ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ የነበረች አክስት አለችን። ያለችንን ሁሉ ብንጽፍ ጦማሩ አይበቃም፤ ዋናውን እንንገራችሁ። ኅብረታቸው ሰባት ሰው ነበር። ቀኑም ቦታውም በየሳምንቱ ይቀያየራል። የሚገቡት አንድ በአንድ፣ በሩብ ሰዓት ልዩነት ነው። መጽሐፍ ቅዱሱ በዘንቢል ውስጥ ከሽንኩርት ሥር ተደርጎ ይመጣል። ወለሉ ላይ ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ጀበና ይጣዳል፣ ስኒ ይደረደራል፤ ሰው ከመጣ የቡና ማኅበር ናቸው። አንዳንዴ ደግሞ ዳቦ ይቆረሳል፣ ሻማ ይለኮሳል፣ የልጅ ልደት ይሆናል። የአከራያቸው ልጅ በአንድ ዓመት አራት ጊዜ ልደቱ እንደተከበረለት ስትነግረን እንባዋ እስኪወርድ እየሳቀች ነው። መዝሙር የሚዘመረው በሹክሹክታ ነው። በሹክሹክታ የተዘመረ መዝሙር ደግሞ ቃሉ ይሰማል እንጂ ዜማው አይሰማም አለችን፤ ይህችን አባባሏን ቤት ስንደርስ ጻፍናት።

ሰባተኛው ሰው ላይ ሲደርሱ ሕጉ መከፈል ነው። ስምንተኛው ሲመጣ ለሁለት ይከፈላሉ፤ ሁለቱም እንደገና ያድጋሉ። አክስታችን ኅብረታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ የተከፈለ ዕለት አልቅሳለች። በቃ፣ ዕድገቱ ማለት ይኼ ነው። ተአምር አልነበረም አንልም፤ ግን ተአምሩ የሚሄድበት መንገድ ተሠርቶለት ነበር።

ሌላው ሕግ የመቅረት ሕግ ነው። ኅብረቱ ላይ ያልመጣ ሰው ካለ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ አንዱ በቤቱ በኩል ማለፍ አለበት። የሚያልፉት ብዙ ጊዜ ሴቶቹ ናቸው፤ ዘንቢል ይዛ የምትሄድ ሴት ማንም አይጠረጥራትም። ምክንያቱ መንፈሳዊ ብቻ አልነበረም። የቀረው ሰው ታስሮ ከሆነ የሌሎቹም ስም በአደጋ ላይ ነው፤ የሚቃጠል ወረቀት ይቃጠላል፤ ቀጣዩ ቦታ ይቀየራል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሰውየው አልታሰረም። ልጁ ታሞበት ነው። የቤት ኪራይ ጎድሎት አከራዩን ሸሽቶ ነው። ከሚስቱ ተጣልቶ ነው። ወይ ፈርቶ ነው፤ እንደውም ብዙ ጊዜ ፈርቶ ነው። ጎብኚዋ የመጣችው እስር ለማጣራት ነበር፤ የምትመለሰው ግን የሰው ጓዳ አይታ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ሰባቱ የሚጸልዩት ስለ ዓለም ሰላም ብቻ ሳይሆን ስለዚያ ኪራይ ነው፤ ከጸሎቱ በኋላም ከየኪሳቸው አዋጥተው ይከፍሉታል።

ነገሩ የገባን እዚህ ላይ ነው። ያ ትውልድ ከእኛ የተለየ ደም አልነበረውም። የመቅረት ዋጋ ነበረው። አንድ ሰው ሲቀር ከሰባት አንዱ ነው የሚጎድለው፤ ቦታው ባዶ ሆኖ ይታያል። ደግሞም ሰባኪ ስለታሰረ ከሰባቱ እያንዳንዱ ያነብባል፣ ያስተምራል፣ ይጸልያል፤ ተመልካች የሚባል የለም። አክስታችን በቀረች ሳምንት የማቴዎስን ምዕራፍ የሚያስተምር ሰው አይኖርም፤ ተረኛዋ እሷ ናትና።

በመጽሐፍ ቅዱስ መኖር የሚባለውም ነገር በዚያ መንገድ ነው የተያዘው። ጴንጤ ይሰደብ ነበር፤ ሰዳቢው ግን ገንዘብ ያዥ ሲፈልግ ጴንጤ ይሻል ነበር ሲባል ሰምተናል። ሰባት ሰው ጓዳህን ካወቀ፣ እሁድ ስለ ታማኝነት ጸልየህ ሰኞ ጉቦ መብላት ይከብዳል። ሚስቱን የሚመታ ባል ለአዳራሽ ሰው ይሰወራል፤ በየሳምንቱ ሳሎኑ ለሚመጡ ሰዎች ግን አይሰወርም። "መሰብሰባችሁን አትተዉ" እያሉ የሚሰብኩን ሁሉ ዕብራውያን 10፥25ን ይጠቅሱልናል። ከእሱ በፊት ያለው ቁጥር ግን እርስ በርስ ስለ መተያየትና ለመልካም ሥራ ስለ መነቃቃት ነው የሚናገረው። በአንድ አቅጣጫ መድረክ እያዩ መተያየት እንዴት እንደሚቻል የሚያስረዳን ሰው ብናገኝ ደስ ይለናል።

ይህን ስንል ያንን ዘመን ወርቅ ለመቀባት አይደለም። መፈክሩን ያሰሙ ነበሩ፤ አክስታችን ራሷ አንድ ቀን እጇን አንስታለች። ስትነግረን ድምጿ ዝቅ አለ። የካዱ፣ የጠቆሙ፣ ከዚያ ወዲያ ያልተመለሱም ነበሩ። ስደት ራሱ ቤተ ክርስቲያንን ቢያሳድግ ኖሮ በሰሜን አፍሪካ የጥንቱ የአውግስጢኖስ ቤተ ክርስቲያን ዛሬም ሞልታ ባየናት ነበር። ማንም ጤነኛ ሰው ደርግ ይመለስልን አይልም፤ እኛም አንልም።

*

ግንቦት 1983 ዓ.ም. በሩ ተከፈተ። ሕንጻዎች ተመለሱ። ሰው በሹክሹክታ ሲዘምር የኖረውን በሙሉ ድምፁ ዘመረ። የነበሩ ሰዎች ያንን ዓመት ሲያወሩ ፊታቸው ይበራል፤ መብራቱም ይገባቸዋል። የ1987 ሕገ መንግሥትም የሃይማኖት ነጻነትን በአንቀጽ 27 ላይ አሰፈረ።

ከዚያ በኋላ ያለው የቁጥር ታሪክ ነው። በ1976ቱ የሕዝብ ቆጠራ ፕሮቴስታንት ተብሎ የተመዘገበው ከሕዝቡ 5.5 በመቶ ነበር፤ በ1987ቱ 10.2፤ በ1999ኙ 18.6 በመቶ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም። መሠረተ ክርስቶስ ብቻዋን ከ3 መቶ ሺህ በላይ የተጠመቁ አባላት ኖሯት በዓለም ካሉት የሜኖናይት ኅብረት አባላት ትልቋ ሆናለች። ጥር 13 ቀን 1951 ዓ.ም. በጥቂት አሥር ሺዎች የተቋቋመችው መካነ ኢየሱስ ዛሬ አባላቷን በሚሊዮኖች ትቆጥራለች።

ታዲያ የቱ ነው መቀነሱ? ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የአውሮፓን ዓይነት ባዶ ቤተ ክርስቲያን እዚህ የለም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2017 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ከኢትዮጵያ ኦርቶዶክሳውያን 78 በመቶው በየሳምንቱ ቤተ ክርስቲያን እንሄዳለን ብለዋል፤ በሩሲያ ይህ ቁጥር ከ10 በመቶ በታች ነው። የቀነሰው መሄዱ አይደለም። የቀነሰው መያያዙ ነው። አዳራሹ ሲከፈት ሰባቱ ሰዎች ወደ አዳራሹ ሄዱ፤ መሄዳቸውም ትክክል ነበር። ግን ሳሎኑ ቀስ እያለ ተዘጋ። ማንም አልዘጋውም። አዋጅ አልወጣበትም። መድረኩ ላይ የተማረ ሰባኪ ስላለ አክስታችን ማቴዎስን የምታስተምርበት ተራ ቀረ፤ ኳየሩ ስለሚዘምር እኛ ማጨብጨብ ያዝን። "የቤት ለቤት ኅብረት" የሚለው ስም አሁንም በየማስታወቂያ ሰሌዳው አለ። የሚመጣው ግን ከአዳራሹ ሰው ጥቂቱ ነው፤ እሱም ብዙውን ጊዜ ያው የድሮዎቹ እናቶች።

ልዩነቱን ቁልጭ አድርጎ ያሳየን ኮሮና ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ሕመምተኛ ከተገኘ በኋላ አዳራሾች ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጉ። በ1974 አዳራሽ ሲዘጋ ሰው ወደ ሳሎን ገባ፤ በ2012 ሲዘጋ ወደ ስክሪን ገባ። በእርግጥ ያን ጊዜ በሽታው ራሱ እንዳንጠያየቅ ከልክሎናል፤ ማወዳደሩ ሙሉ በሙሉ ፍትሐዊ አይደለም። ግን በሽታው አለፈና ስክሪኑ አልወረደም። ዛሬ ጠዋት የአንዱን ስብከት፣ ማታ የሌላውን ትንቢት፣ ሰኞ የሦስተኛውን መዝሙር እያዳመጥን የአምስት ቤተ ክርስቲያን "ተከታይ" መሆን እንችላለን። ለተከታይ መቅረት የሚባል ነገር የለውም። ስልኩን ማጥፋት ነው።

ለእኛ ዕድሜ ሰዎች አንድ የተረፈ ነገር ካለ የካምፓስ ኅብረት ነው። ከአገሩ ርቆ፣ ዶርም ውስጥ፣ በኮሚቴ ዓይን ሥር፣ አሥራ አምስት ሆኖ ጠዋት 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ የሚጸልይ ቡድን ሁላችንም እናውቃለን። ኦርቶዶክሳውያን ጓደኞቻችንም የግቢ ጉባኤ አላቸው፤ ማኅበረ ቅዱሳን ራሱ በ1984 ዓ.ም. ሲመሠረት ብላቴ ማሠልጠኛ የገቡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መሰባሰብ ትልቅ መነሻው ነበር። አሁንም ሳሎን የሚያህል ቡድን፣ አሁንም ችግር፣ አሁንም የቀረ የሚታወቅበት ቦታ ነው። የካምፓስ ኅብረታችን ሰዎች ፈተና ወድቀን ሁለት ቀን ስንጠፋ ዶርማችን ድረስ አምባሻ ይዘው መጥተው ነበር። ከዚያ ተመረቅን። ጋውን ለብሰን ፎቶ ተነሳን፣ አለቀስን፣ በቴሌግራም ግሩፕ እንደምንገናኝ ቃል ተገባባን። ግሩፑ አለ። የመጨረሻው መልእክት የፋሲካ እንኳን አደረሳችሁ ነው፤ የትኛው ፋሲካ እንደሆነ አናስታውስም።

እናቶቻችን ዕድሩን፣ ሰንበቴውን፣ የጽዋ ማኅበሩን ያቆዩት ቅጣት ስለሚወዱ አይደለም። ቅጣቱ "መቅረትሽን አይተናል" የሚባልበት መንገድ ነው። እኛ ይህን ኋላቀር ብለን ተውነውና ነጻ ወጣን። ሦስት ወር ሙሉ ነጻ ነበርን።

ይህን ለመጻፍ አክስታችን ቤት የሄድነው ሐሙስ ከሰዓት ነው። አሁን አዲስ አበባ ነው የምትኖረው፤ ጡረታ ወጥታለች፤ እግሯን ያማታል። ከናዝሬቶቹ ሰባት አራቱ በሕይወት አሉ፤ ሦስቱ እዚሁ ከተማ ናቸው። ሁለተኛው ቡና ላይ ስንደርስ ስልኳ ጠራ፤ አላነሳችውም። እንደገና ጠራ። አነሳችና "እየመጣሁ ነው፣ እንግዳ መጥቶብኝ ነው" አለች። ከወዲያ በኩል የምትናገረዋ ሴት ድምፅ እኛ ድረስ ይሰማል፤ የሁለተኛ ጢሞቴዎስ ምዕራፍ ተረኛ መሆኗን እያስታወሰች ትቆጣታለች። አክስታችን ነጠላዋን አደረገች፣ ከዘራዋን አነሳች፣ መጽሐፍ ቅዱሱን ዘንቢል ውስጥ ከተተች። ዘንቢሉ ውስጥ ዛሬም ሽንኩርት አለ፤ ስትመለስ የገዛችው መስሎን ነበር። እኛን ቡናውን እንድንጨርስና በሩን ስበን እንድንወጣ ነግራን ሄደች።